እናቴ ለፍትሐት የቆመችበት ሆሳዕና

ሆሳዕና ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ወዲያው አይበተንም። ቀጣዩ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ በዚያ ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይፈታም፣ ሟቹ ቄስ እንኳ ቢሆን። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ቀድማ፣ በሆሳዕና እለት፣ ለቆመው ሁሉ የሙታኑን ጸሎት ታደርሳለች። ሰው በእግሩ ቆሞ የራሱን ፍትሐት ይሰማል። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ሥርዓት እወደው ነበር። ከዓመቱ ጸሎት ሁሉ ለማንም የማያዳላው እሱ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ግን አራት ሆሳዕና ሙሉ ለዚያ ፍትሐት አልቆመችም። ዘንባባው ሲታደል ድርሻዋን ተቀብላ በሴቶች በር ውልቅ ትላለች። ቀሳውስቱ መጽሐፈ ግንዘቱን ሲገልጡ እሷ የቀርከሃውን አጥር አልፋ፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ ቤት ልትደርስ ምንም አልቀራትም። «አንቺስ በሕማማት ብትሞቺ ያለ ፍትሐት ልትቀበሪ ነው?» ብዬ ተቆጥቻት አውቃለሁ። «እንግዲያ ያለ ፍትሐት ልቀበር» ነበር መልሷ። ምክንያቷን የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

«እዚያ ከቆምሁ ስሙ ካፌ ያመልጠኛል።»

የታናሽ ወንድሜን ስም ማለቷ ነው፤ በዚያ ጸሎት ሰው ሙታኑን በስም ያስባል። ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም አጋማሽ ከአሶሳ ጨውና ሳሙና ጭነው ወደ ካማሺ ሲወርዱ መንገድ ላይ ተኩስ ነበር ተባለ። መኪናው ተቃጥሎ ተገኘ። ሹፌሩም ተገኝቶ ተቀበረ፤ ለቅሶው ላይ ተቀምጠናል። የወንድሜ ግን ጫማው እንኳን አልተገኘም። ጫካ ገብቶ ይሆናል አሉ፤ ድንበር ተሻግሮ ይሆናል አሉ። አንዱ ሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ፣ ከስደተኞቹ መሀል የሚመስለውን ልጅ አየሁ ቢል፣ ፎቶውን ይዤ በሚኒባስ ሄጃለሁ። ያገኘሁት ልጅ አንገቱ ብቻ ነው እሱን የሚመስለው። ያን ቀን ስመለስ እኔ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ግን አልጨረሰችም። በየፋሲካው ዶሮው ሲወጣ የእሱን ድርሻ፣ አንድ ጭንና አንድ እንቁላል፣ ክዳን ባለው ሳህን ለብቻ ታስቀምጣለች። በአሶሳ ሙቀት ወጥ ስንት ሰዓት ሊቆይ? ሰኞ ማታ ይሸታል። ለውሻ ስጪው ብላት «የሰው ድርሻ ለውሻ አይሰጥም» ትልና ጓሮ ከማንጎው ሥር ጉድጓድ ምሳ ትቀብረዋለች። እኔ እስቅባት ነበር። በልቤ ነው እንጂ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ እናት ልጇ በልቡ ሲስቅ ሳታውቅ አትቀርም።

ለራሴ ብዬ ሳይሆን እሷ እንድትገላገል ብዬ፣ የንስሐ አባታችንን ለመንኋቸው። ከእናቴ ጋር በሰፈራው ጊዜ በአንድ መኪና ከወሎ የመጡ አዛውንት ቄስ ናቸው። ይምከሯት፣ ለፍትሐቱ ትቁም፣ ይብቃት አልኳቸው። መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ።

«ተዋት፣ ልጄ። ምርኩዟን ብትቀማት ምትኩን ታመጣለህ?»

ሽማግሌ ሲደክመው እንዲህ ይላል ብዬ ናቅሁት።

ዘንድሮ በአልዓዛር ቅዳሜ፣ በሆሳዕና ዋዜማ፣ ጎረቤታችን እንደ ወትሮዋ ዘንባባ ይዛ መጣች። የበርታ ሴት ናት፣ ሙስሊም። ጓሮዋ ሁለት የዘንባባ ዛፍ አለ፤ ለሌላው ትሸጣለች፣ ለእናቴ ግን እንዲሁ ነው የምታመጣው። ሁልጊዜ የሚባባሉት አንድ ነው።

«ልጅህ መጣ?» ትላታለች እናቴን። በእሷ አማርኛ ወንድና ሴት እኩል ናቸው።

«ገና ነው።»

«ይመጣል፣ ኢንሻላህ።»

ይህን ብለው ይለያያሉ። አራት ዓመት ይህን ሰምቻለሁ፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ድምፅ ሆኖብኝ መስማቴን ትቼው ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ከጉባኤ ስትመለስ ፊቷ ቀለል ብሎ ነበር። ሰባኪው ስለ አልዓዛር ሰብኳል። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዘንባባውን እየሰነጠቀች የጣት ቀለበት መሥራት ጀመረች። ያ ቀን ለእኔ ጥሩ ቀን አልነበረም። መብራት ጠፍቷል፣ ቆርቆሮው እሳት ይተፋል፣ ትምህርት ቤት ስድሳ ልጅ ስቆጣ የዋልኩበት ሳምንት ነው፣ ጾሙም አንጀቴን አድርቆታል። በዚያ ላይ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማትን በአማርኛ ከሚያነቡት አንዱ ስለሆንኩ የዓርቡን ምንባብ እየተለማመድኩ ነበር።

«አራት ቀን ነው የቆየው አልዓዛር» አለች። «ሸቶም ነበር። ወንድምህም ይኸው አራት ዓመቱ ነው። ለእግዜር ቀንና ዓመት ምን ልዩነት አለው?»

መጽሐፉን ዘጋሁ።

«አልዓዛርኮ መቃብር ነበረው፣ እማዬ። ጌታ ሲመጣ እህቶቹ መርተው የሚያሳዩት ቦታ ነበራቸው። እኛ የቱን ልናሳየው ነው?»

እጇ ቆመ። የማይመለስ ንግግር ከአፍ ሲወጣ ሰው ራሱ ይሰማዋል። ላለዝበው፣ ሌላ ነገር ልጨምርበት ፈለግሁ፤ ግን እውነት ነበርና የሚለዝብበት አልነበረውም። እናቴ የጀመረችውን ቀለበት ሳትጨርስ ከጭኗ ላይ አነሳችና ገባች። ማታ ራት አብረን በላን። ስለ ማንጎው ብስለት አወራችኝ።

በማግሥቱ ቅዳሴው አለቀ፣ ዘንባባው ታደለ። እኔ በወንዶቹ በኩል ሆኜ በልማድ ወደ ሴቶች በር አየሁ። ማንም አልወጣም። ቀሳውስቱ መጽሐፉን ገልጠው ጀመሩ። እናቴ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጎን ቆማለች። ያልተጨረሰውን ቀለበት በጣቷ ይዛዋለች።

የወንድሜ ስም ሁለት ጊዜ ከንፈር የሚያስገጥም ስም ነው። ከሩቅ አይሰማም፣ ግን ይታያል። ከንፈሯ ገጠመ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ገጠመ። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር። አራት ዓመት የፈለግሁት ይህንን አልነበር? ምሰሶው ላይ ተደገፍሁ። ለካ እኔም ስጠብቀው ኖሬያለሁ። የምትጠብቀው እሷ ስለነበረች እኔ ብልህ መሆን፣ መሳቅ፣ ጨርሻለሁ ማለት እችል ነበር። የንስሐ አባታችን ከመቅደሱ በር ሆነው አንድ ጊዜ አዩኝ። አልተቆጡም። ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። የሰፈራችን ሰው ሐዘንን በነጠላ ያውቃልና መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ማን ሞተ ለማለት ፈርቶ መንገድ ለቀቀልን። ጎረቤታችን በሯ ላይ ነበረች። አርባ ዓመት ከእኛ ጋር ኖራለች፤ ነጠላ ማንበብ ትችላለች።

«ልጅህ...» ብላ ጀመረችና ቆመች። እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ እንደነሱ ወግ ለሞተ ሰው የሚባለውን አለች። «አላህ ይርሐመው።»

«አሜን» አለች እናቴ።

ሁለቱ ሴቶች መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ የምሆነውን አጥቼ ዘንባባዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ወንድሜ ሞተ ሲባል ያየሁት ያኔ ነው፤ በሁለት ቃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ አንድ ጩኸት።

እድሩ ድንኳን እንትከል ብሎ መጣ። እናቴ እምቢ አለች። «የሱ ለቅሶ ከጌታ ለቅሶ ጋር ይሁን» አለቻቸው። ስለዚህ ወንድሜ የተለቀሰው በዚያ ሳምንት፣ ሰው እጅ በማይጨባበጥበት፣ ቄሱ እንኳ መስቀል በማያሳልሙበት ሳምንት ነው። ሊያጽናናን የመጣ ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ይቆይና ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ይሻል ነበር።

ዓርብ ለእኔ የደረሰኝ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ምንባብ ነው፤ ጌታ ከመስቀል የወረደበትና የተገነዘበት። ያ ባለጠጋ ሰው ገዥው ዘንድ ገብቶ ሥጋውን እንደ ለመነ፣ በንጹሕ በፍታ እንደ ገነዘው፣ በአዲስ መቃብር እንዳኖረው አነበብሁ። በየዓመቱ የማውቀው ቦታ ነው። ዘንድሮ ግን ቀናሁ። ሥጋውን ስጠኝ ተብሎ የሚለመን ገዥ ነበረ፣ የሚወርድ ሥጋ ነበረ፣ የሚገጠም ድንጋይ ነበረ። በድምፅ ማጉያው ውስጥ ንባቤ በለቅሶ ሲቋረጥ ሕዝቡ በጌታ ሕማም የተነካሁ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ውሸት በቤተ መቅደስ ዋሽቼ አላውቅም።

እናቴ ጉልበቷ የታመመ ነው፤ የንስሐ አባታችን በሁለት በሦስት ስግደት ሊያሰናብቷት ይችሉ ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሰገደች። ግንባሯ ላይ አቧራ ተጋግሮ ስትነሳ ደገፍኳትና ምነው እንዲህ ራስሽን ገደልሽ አልኳት።

«የሱንም ድርሻ ሰግጄ ነው» አለችኝ።

ፋሲካ ጠዋት ዶሮው ቀረበ። ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን ተባባልን፤ እሷም አለች፣ እኔም አልሁ። ለእኔ አወጣችልኝ፣ ለራሷ ትንሽ አደረገች። ክዳን ያለው ሳህን መደርደሪያው ላይ እንደተደፋ ነው። ታወርደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነስቼ አወረድኩት። ጭኑንና እንቁላሉን ራሴ አወጣሁና ከደንሁት።

«ለማን ነው?» አለች።

«ቢመጣስ?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«መቃብር የለውም ያልከኝ አንተ አይደለህ? ብላው፣ እንዳይበላሽ።»

ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ነበር። የጨውም የበርበሬም ጣዕም አላገኘሁበትም፣ ግን ፊቷ ተቀምጬ አጥንቱ እስኪቀር በላሁት። ስጨርስ ሳህኑን ከፊቴ አንስታ በአመድ ፈተገችው፣ አጠበችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው።

አሁን ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች።