ጾም ያሉት ሕመሜ

ይህ የደረሰብኝ መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ በበያጅነት ስሠራ ነው። ሰባት ዓመት አልፎታል። የማልረሳው እስከ ዛሬ የሠፈር ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ «ያ ነገር ተመለሰብህ ወይ?» ስለሚለኝ ነው። ለሁሉም አንድ ጊዜ ልመልስ ብዬ ብዕር አነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌ ቢጎረብጥ ቻሉት።

ሕመሙ ሲጀምር እህሉ ደረቴ ላይ ደርሶ ይቆም ነበር። ውኃ ስጠጣበት አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ውኃውም እህሉም አብረው ተመልሰው ይመጣሉ። ቆሜ፣ አንገቴን ወደ ኋላ አድርጌ፣ እየተንጎራደድኩ መብላት ጀመርኩ። ጋራዡ ውስጥ ምሳ የሚበላው በአንድ ትሪ ነው። እኔ አንድ ጉርሻ እስካወርድ ትሪው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ብቻዬን ዞር ብዬ እበላ ነበር። ባልደረቦቼ ምን አሉ? ሥጋ እየደበቀ ነው አሉ። ሥጋ! እኔ አጥሚት እንኳ እምቢ ብሎኛል።

ከሳሁ። ሱሪዬ በሲባጎ ታስሮ ነበር የሚውለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ሠፈሩ መክሳቴን አይቶ ታላቅ ጾመኛ አደረገኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ባሏን «እንደ እሱ ብትጾም ምናለ» እያለች ትነዘንዘው ነበር። የባለቤቴ የተዋበች የነፍስ አባት ሳይቀሩ ሥጋህን ይህን ያህል አትጉዳ ብለው መከሩኝ። ኧረ አሞኝ ነው ስል ትሕትና መሰላቸው።

የፋሲካ ዕለት እትዬ ዘነበች ቤት ተጠራን። ዶሮው ቀረበ። እኔ እንጀራውን እየቆራረስኩ የበላሁ እመስላለሁ። እትዬ ዘነበች አየችኝና እንቁላል ያለበት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች።

«ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ የጾመ ሰው ከእጄ ሳይጎርስ አይወጣም። በሞቴ!»

ቤቱ ሁሉ ያየኛል። በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባልም። ጎረስኩ።

እንቁላሉ ደረቴ ላይ ቆመ። ትንፋሽ አጠረኝ። ከዚያ የገባው ሁሉ ተመልሶ ገበታው ላይ ወጣ። አንዱ አማተበ። ሌላው ዓይን ነው፣ ሰው በልቶታል አለ። ተዋበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከእንግዶቹ መሀል ሲስተር ማርታ የምትባል ነርስ ነበረች። ከወላይታ የመጣች፣ ከእኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ተከራይ ናት። ጴንጤ ናት እየተባለ ብዙ ሰው አይቀርባትም ነበር፤ በበዓል ግን ጎረቤት አይታለፍምና ተጠርታለች። ተነሥታ በክንዴ ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ጾምም ዓይንም አይደለም። ሲያስልዎት በግድግዳው እሰማለሁ። ውኃም ይመለሳል አይደል?»

«ይመለሳል።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? በዓሉ ይለፍና ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ነዎት።»

ወሰደችኝ። ነጭ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። የምግቡ ቱቦ መጨረሻው ላይ ያለው ጡንቻ አልከፈት ብሎ፣ ከበላዩ እንደ ከረጢት ተነፍቷል። ደረት ሳይከፈት በአፍ መሣሪያ አስገብተን፣ በፊኛ ለጥጠን እናሰፋዋለን አለኝ። ፊኛ የልጅ መጫወቻ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ቱቦው ሊቀደድ ይችላል፣ ከተቀደደ ቀዶ ጥገና ነው፤ ደህና ቢሆንም ከዓመታት በኋላ ሊጠብ ይችላል አለኝ። ሳይሸነግለኝ በመናገሩ አመንኩት።

ጉሮሮዬን አደንዝዘው በጎኔ አስተኙኝ። ፊኛው ሲነፋ ደረቴ የሚሰነጠቅ መሰለኝ። አያምም ያለ ሰው ውሸቱን ነው። ሰዓታት ቆይተው፣ አለመቀደዱን አረጋግጠው፣ ውኃ ሰጡኝ። ተጎነጨሁ። ቀጥ ብሎ ወረደ። ሌላ ጨምሩልኝ ብል ቀስ በል ተባልኩ።

በሦስት ወር ሱሪዬ ሲባጎ አላስፈለገውም። ይኼኔ ሠፈሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጾሙን ተወ፣ ከዚያች ጴንጤ ጋር ገጥሞ ነው አለ። ስከሳ ጻድቅ፣ ስወፍር ከሃዲ።

አሁን ለጥያቄያችሁ። አዎ፣ በሁለተኛው ዓመት ትንሽ መያዝ ጀምሮ ነበር። ሳልውል ሳላድር ሄድኩ፣ ደግመው ለጠጡልኝ። ከዚያ ወዲህ አልያዘኝም። እህል በደንብ አላምጣለሁ፣ ትራሴን ከፍ አድርጌ እተኛለሁ፣ በየዓመቱ እታያለሁ። ቢመለስም መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አልፈራም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያ ሁሉ ሰው ስጠወልግ እያየ አመሰገነኝ። ምን ሆነህ ነው ብላ የጠየቀችኝ ግን፣ ማንም ሠላም የማይላት አንዲት ተከራይ ናት። ሲስተር ማርታ ተዛውራ አገሯ ገብታለች። እግዜር ይስጣት።

ሌላ የሚጠይቀኝ ካለ ይህን ያንብብ። ተዋበች ምሳ አቅርባለች፤ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ልነሣ።