የፍንጭቴ ቁልፍ

ትናንት ከእናቴ የመርፌና ክር ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ቀጭን የሽቦ ቁልፍ አገኘሁ። ገና ሳያት ላንቃዬን አመመኝ።

ልጅ እያለሁ ላንቃዬ ጠባብ፣ ጥርሶቼም እንደ ገበያ ሰው የሚጋፉ ነበሩ። አፌን ከፍቼ ስለምተኛ ከንፈሬ ደርቆ ይነጋል። ለጥቂት ወራት ወደ ጎንደር የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም ላንቃ የሚያሰፋ ብረት በመንጋጋ ጥርሶቼ ላይ አሰረልኝና ብረቱን በየማታው እያዞረች የምታሰፋባትን ይችን ቁልፍ ለእናቴ ሰጣት። ከራት በኋላ "አፍሽን ክፈች" ትለኛለች። እጇ ሽንኩርት ይሸታል። ቁልፏን ስታዞር እስከ አፍንጫዬ ሥር ይጠዘጥዘኛል።

ብዙም ሳይቆይ የፊት ጥርሶቼ መሀል ተከፈተ። ለገና አምባ ጊዮርጊስ ስንሄድ አክስቴ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና "ይች ልጅ እንዴት ያለ ሸጋ ፍንጭት አወጣች" አለች። እናቴን ያን ቀን ያህል ኮርታ አይቻት አላውቅም። እኔም ያለ ምክንያት ስስቅ ዋልኩ።

ሐኪሙ ከጎንደር ሲሄድ ግን "በቅቷል። አጥንቱ እስኪሞላ ብረቱ ይቆይ፤ ቁልፉን እንዳትነኩት። ክፍተቱ ራሱ ይገጥማል" ብሎን ነበር። እውነትም ይገጥም ጀመር። ለፋሲካ አክስቴ አየችኝና "ምነው፣ ፍንጭቷን ምን በላው?" አለች። ቤታችን እንደተመለስን እናቴ ቁልፏን አወጣች። "ትንሽ ብቻ" አለች። ከዚያ ወዲያ ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ታዞር ነበር፤ የሚከለክላት ሐኪም የለም። ሳለቅስ ጉንጬን እየሳመች "ሲያጌጡ ይመላለጡ" ትለኛለች።

ብረቱ ከወጣ በኋላ ፍንጭቱ ዓመት እንኳ አልቆየም። ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ ግን ሥጋ ማኘክ ትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ያለች ሐኪም ራጁን አሳየችኝ። የመንጋጋ ጥርሶቼ ከልክ በላይ ወደ ጉንጬ ተገፍተው፣ የሚይዛቸው አጥንት ሳስቷል። አንዱን ነቀለችው፤ ሁለቱ ይነቃነቃሉ። "ማነው ይህን ያህል ያሰፋው?" ብትለኝ "አላውቅም" አልኳት።

እናቴ ይህን አታውቅም። ብታውቅ ከእኔ ይልቅ የምትሰበረው እሷ ናት። ትናንት ቁልፏን እጄ ላይ አየቻትና ፊቷ በራ። "ፍንጭትሽ እንዴት ያምር ነበር! እስቲ አፍሽን ክፈች፣ ቦታውን ልየው" አለችኝ።

ድሮ እንዲህ ስትለኝ እያለቀስኩም ቢሆን እከፍትላት ነበር። ትናንት ከንፈሬን ገጥሜ ግንባሯን ሳምኳት።