ከቦሎቄ ጋር የተደመረች ሐኪም

በዚያ ሰሞን ደክሞኝ ነበር። አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «አዳማ ያለችው የነርቭ ሐኪም ጥናቶቿ በውጭ አገር በብዛት እየተጠቀሱ ነው አሉ፤ አንድ ገጽ ጻፍላት» ሲለኝ እሺ ያልኩት መከራከር ስላልፈለግኩ ነው። ሐኪሟን አውቃታለሁ። ስለ ጤና በዘገብኩባቸው ዓመታት እየደወልኩ ያስቸገርኳት ሰው ናት። የምታጠናው በተለይ የሚጥል በሽታን ነው።

ተመራማሪ ጽሑፍ ያሳትማል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በየጽሑፋቸው ይጠቅሱታል። እነዚያን ጥቅሶች ቆጥሮ በየሰዉ ስም የሚያስቀምጥ የኢንተርኔት ገጽ አለ። አለቃዬ ያየው ድምሩን ነው። እኔ በልማዴ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የሚጥል በሽታ፣ ስትሮክ፣ የራስ ምታት። መሐል ላይ ድርቅ የሚቋቋም ቦሎቄ። ዝቅ ስል ሌላ ቦሎቄ። በብዛት የተጠቀሱትም እነሱ ነበሩ።

በማግስቱ ወደምትሠራበት ሄድኩ። ኮሪደሩ በታካሚ ሞልቷል። ከቡልቡላ የመጡ አዛውንትን «አካም ጅርቱ» ብላ ተቀብላ፣ መርምራ እስክትሸኛቸው ጠበቅኩ።

«ዶክተር፣ ስለ ቦሎቄ ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

«ስለ ምን?»

ስልኬን ሰጠኋት። አይታ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። «ይሄማ ወንድሜ ነው» አለች።

ወንድሟ መልካሳ ውስጥ ሰብል ያጠናል። እኛ ዘንድ የአባት ስም የአባት ስም ብቻ ነው። የውጭ መጽሔቶች ግን እሱን እንደ ቤተሰብ ስም ያስቀድሙና የሰውየውን የራሱን ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ያሳጥሩታል። የእህትና የወንድም ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር፣ ሁለቱ ለኮምፒዩተሩ አንድ ሰው ሆነዋል።

ደወለችለትና እኔም እንድሰማ ድምፁን ለቀቀችው።

«አንተ፣ ቦሎቄህ እኔ ጋ ምን ይሠራል?»

«እንዴ! ማን ሰረቀኝ እያልኩ ነበር። አንቺ ነሽ?»

«ሌባ በለኛ ደግሞ!»

«ተይው እቴ፣ ካንቺ ጋር ይኑር። ቦሎቄ ለጭንቅላት ጥሩ ነው።»

«ቀልዱን ተው። ማመልከቻዬ ገብቷል እኮ።»

ነገሩን ለእኔ ያስረዳችኝ ያኔ ነው። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመልክታለች፤ ያንን ገጽ ሳታነበው አትማ አያይዛዋለች። ኮሚቴው ደግሞ የጥቅስ መስፈርት አለው። ማዕረጉን ካገኘች የነርቭ ሐኪሞችን እዚሁ አዳማ ማሠልጠን ይፈቀድላታል፤ በአካባቢው ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው የለም።

«ቦሎቄው ሲወጣስ?» አልኳት።

«ከመስፈርቱ በታች እሆናለሁ።»

«እነሱም እንዳንቺ ድምሩን ብቻ ነው የሚያዩት» አለ ወንድሟ። «እኔ ማዕረጌን አግኝቻለሁ። የሚያስፈልገው ላንቺ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ሊጽፉት ነው?»

«ያንቺ ያልሆነውን ያንቺ ነው ብዬ አልጽፍም። ስለ ማመልከቻሽ ግን እኔ አልናገርም። እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ነርሷ በሩን ከፍታ፣ «ዶክተር፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለች። «መጣሁ» አለቻትና ኮምፒዩተሩን ወደ ራሷ ሳበች። የወንድሟን ጽሑፎች አንድ በአንድ ከስሟ ሥር አወጣቻቸው። ድምሩ ሲቀንስ አብረን አየን። ወንድሟ ስልኩን አልዘጋውም ነበር፤ «አወጣሽው?» ሲል ሰማሁት። «አወጣሁት» አለችው። ከዚያ ለኮሚቴው አጭር ማስተካከያ ጽፋ ላከችና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራች።

እኔም በተስተካከለው ቁጥር ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ፣ «ታዲያ ምኑ ነው ዜናው?» አለኝ። ስለ ታካሚዎቿ፣ ስለ ሥልጠናው ነገርኩት። «ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አለ። በእኛ ዝግጅት ክፍል ይህ አይወጣም ማለት ነው። ያኔም አልተከራከርኩም።

የኮሚቴውን መልስ የሰማሁት ለሌላ ጉዳይ ስደውልላት ነው። ጥቅሷ ሲጨምር እንደገና እንድታመለክት ነግረዋታል።

«እንግዲህ መጻፍ ነዋ» አለች።

«በየትኛው ጊዜሽ?»

«እሱን አይጠይቁኝ» አለችና፣ የደወልኩበትን ጉዳይ ባጭሩ መልሳልኝ ዘጋችው።

በነርቭ ሕክምና መሠልጠን የፈለጉ ሐኪሞች በዚያ ዓመትም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።