የማርስ ብርሃንና የሚካኤል ጽዋ

የሻሽወርቅ ሰቆጣ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። አብረዋት የተመረቁት አንድ በአንድ ሲሄዱ እሷ ቀረች። መጀመሪያ አባቷ ታመሙ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ የእናቷ የእማማ ጥሩሐረግ ዓይን ደከመ። ዘንድሮስ እሄዳለሁ ስትል ስንት ዘንድሮ አለፈ።

አሁን ግን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሏታል። ከፀሐይ የሚነሣው ነፋስ የሌሎችን ፕላኔቶች ሰማይ እንዴት እንደሚያበራ ልታጠና ነው። አውቶቡሱ ቅዳሜ፣ የምዝገባው ማብቂያ ሰኞ። እናቷን ፃግብጂ ወረዳ የሚኖረው ወንድሟ ምንይሉ ሊወስዳቸው ተስማምቷል። እማማ ጥሩሐረግ እሺም እምቢም አላሉም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቷን ደጅ አስቀምጣ ፀጉራቸውን ስታበጥር፣ የምትማረውን ነገረቻቸው። ፀሐይ ሙቀት ብቻ አይደለም የምትልከው፤ ኤሌክትሪክ ያዘለ ረቂቅ ብናኝም እንደ ነፋስ ትነዛለች። ሳተርን ራሱን በማግኔት ኃይል ስለከለለ አብዛኛው ነፋስ በጎን ያልፈዋል። ሾልኮ የገባው ብናኝ ግን በማግኔቱ ተይዞ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይነዳል፤ እዚያ ከአየሩ ጋር ሲላተም ብርሃን እንደ አክሊል ይዞራል። ማርስ ይህ ከለላ ጥንት ነበራት፤ ጠፋባት። ስለዚህ ፀሐይ ስትቆጣ አንዳንዴ ሰማይዋ ከዳር እስከ ዳር ይበራል።

“ታዲያ ከለላ ማጣቱ ምን ጎዳት?” አሉ እናቷ።

የሻሽወርቅ ሳታስበው እውነቱን ተናገረች፤ ያው ነፋስ በብዙ ዘመን የማርስን አየር ገፎ እንደወሰደው።

በማግስቱ የሚካኤል ማኅበር ነበር፤ ለተጊዮርጊስ በምትባል ጎረቤታቸው ቤት። ጠላው ተጠጥቶ ቄሱ መርቀው ሲያበቁ፣ ጽዋው የሚቀጥለውን ወር ለሚደግሰው ተረኛ ሊሰጥ ተነሣ። ተረኛው ባለሱቁ ቅጣው ነበር። እጁን ከመዘርጋቱ እማማ ጥሩሐረግ “ለኔ ስጡኝ” አሉ።

ቅጣው ሳቀ። “እትዬ፣ ተራዎ ገና ነው፤ ምን አስቸኮለዎ?”

“የቸኮለስ ሌላ ሰው ነው” አሉና በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጽዋ ተቀብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው። ጌሾውን የሚወቅጠው፣ ብቅሉን የሚያበቅለው፣ እህሉን የሚያስፈጨው ማን እንደሆነ ደግሞ ቤቱ ሙሉ ያውቃል። ለተጊዮርጊስ የሻሽወርቅን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ ማርስሽ የትም አትሄድብሽም ብላ ቀለደች። የሻሽወርቅ ከሰው ጋር አብራ ሳቀች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ያዘች፤ በሌላው ክንዷ እናቷን ትመራለች።

“እናቴ፣ ለምን?”

እማማ ጥሩሐረግ ድንጋዩን በእግራቸው እየዳሰሱ ጥቂት ሄዱ። “አየሯ ተገፎ ሄደ አላልሽም?” አሉ። “አንቺ ከሄድሽ እኔን ምን ይከልለኛል?”

ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። ወደ ሐሳቧ የመጣው ያ በሳተርን ማግኔት የተያዘው ብናኝ ነው። አክሊሉን ከሩቅ ያየ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ተነድቶ የተላተመውን ግን ማንም አይጠይቅለትም።

ቅዳሜ ማለዳ ልትሄድበት የነበረው የወልድያው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ የሻሽወርቅ ጓሮ ነበረች። ለብቅል የሚሆነውን ገብስ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ የተንሳፈፈውን እብቅ በእጇ እየሰበሰበች ትደፋለች። እናቷ ከበሩ ሆነው ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዘነበሉ።

“ሄደ?”

“ሄደ” አለች፤ ገብሱንም እንደገና አማሰለችው።