ልቅሶ የሚቀበል ፏፏቴ

የልጄ መርዶ በስልክ መጣ። ደቡብ አፍሪካ፣ ሱቁ ውስጥ እንዳለ ተገደለ፤ እዚያው ቀበሩት። ሆሳዕና መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት ልጅ አስከሬኑ እንኳ አልተመለሰም።

ድንኳን ተጥሎ መዝሙር ተዘመረ፤ ቃል ተነበበ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለአማኝ ሙሾ አይወረድም፤ ደረት አይደቃም። ልጄን በሰማይ እንደማገኘው አልተጠራጠርሁም። ሰዎች «እንዴት ያለች ብርቱ ናት» እያሉ ተሰናበቱኝ። ከዚያ በኋላ ግን ምግብ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ጸሎትም አቃተኝ። ተንበርክኬ አፌን እከፍታለሁ፣ ቃል የለም።

ይህን ያየችው የባለቤቴ እናት ናት። አንድ ጠዋት ምርኩዟን ይዛ በራፌ ላይ ቆመች።

«ተነሺ፣ ፏፏቴው ዘንድ እንሂድ።»

«እማ፣ ያ እኮ የድሮ ነገር ነው። እኛ ጌታን አግኝተናል።»

«ዓምና ላምሽ ስትሞት ጎረቤት እስኪሰማ አልቅሰሻል። የልጅ ልጄ ከላም ያንሳል?»

ተከተልኋት።

ፏፏቴው ከጊምቢቹ ከተማ ወዲያ፣ ጫካ ውስጥ ነው። አካባቢው ሁሉ ለእርሻ ሲመነጠር፣ ይህን ጫካ ግን የጥንት ሽማግሌዎች ስለከለከሉት እስከ ዛሬ መጥረቢያ የሚያነሳበት የለም። ልጇ ከኦሞ ማዶ ሄዶ የቀረባት እናት ነበረች ይባላል። የምትሄድበት መቃብር ስለሌላት ልቅሶዋ ማብቂያ አጣ፤ መንደሩም እንቅልፍ አጣ። ሽማግሌዎቹ ወደ ውሃው ሰደዷት፤ ውሃውም ድምጿን ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ ሬሳ ያልመጣላት ሴት እዚያ ታለቅሳለች። ድሮ ቅቤና ማር ያፈሱበት ነበር አሉ፤ አማቴ ግን ከምርኩዟ በቀር ምንም አልያዘችም።

«ውረጂ» አለችኝ። እሷ መንገዱን ልትጠብቅ ዝግባ ሥር ቀረች።

ከውሃው አጠገብ ቆሜ ልጸልይ ሞከርሁ። አልሆነም። ከዚያ፣ እራት ሲደርስ ከሜዳ እንደምጠራው ልጄን በስሙ ጠራሁት። ድምፄን እኔው ራሴ አልሰማሁትም። ደግሜ ጠራሁት፤ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሲወጣልኝ «አባት ሆይ» ማለት ቻልሁ። ስለዚያ ጌታን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስመለስ አማቴ ምርኩዟን ዘረጋችልኝ።

«ያዥልኝ። አሁን ደግሞ መንገዱን አንቺ ጠብቂ። እኔም በሕፃንነቱ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ።»

ልደግፋት ስል እጄን ገፋችው። ድንጋዩን እየዳበሰች ወረደች። ከዚያ በኋላ ከውሃው ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም።