አዲሱ ቴሌቪዥንና የአባቴ ቴፕ

ባለፈው እሁድ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣሁና ለአባቴ ከፒያሳ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛሁለት። ስስ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዓይነት። ድምፁም እንደ ሰውነቱ ስስ ሆኖ አረፈው። የአባቴ ጆሮ ደግሞ ደክሟል። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ዜና አንባቢው ላይ ሲያፈጥ አንጀቴን በላው።

«ቆይ አባባ፣ ከቴፑ ጋር አገናኘዋለሁ» አልኩት።

ቴፑ አባቴ በሹፌርነቱ ዘመን ከአሰብ ያመጣው ነው። ሰው ሲነካበት አይወድም። እናቴ ዘሃራ እንኳ፣ አላህ ይዘንላትና፣ አቧራውን የምትጠርገው እሱ መንገድ ሲወጣ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ማንም ከፍቶት አያውቅም። ድሮ ሁለት ስፒከር ነበረው፤ አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው።

«ሌላውስ?»

«ተበላሸ ብላ እናትህ አነሳችው። የት እንዳደረገችው እኔ እንጃ።»

ከሱቅ የሰጡኝን ገመድ አንዱን ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቀይና ነጩን ደግሞ ከቴፑ ጀርባ ሰካሁ። ቴፑ በራ። ድምፅ ግን የለም። ጨመርኩ... የለም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ... የለም።

ቆይ... ከሩቅ የሆነ ሰው ያወራል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ያው የእኛው ዜና አንባቢ ነው! ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ቤት ነው የሚሰማው። እሳቸው ግን ቴሌቪዥን የላቸውም።

እኔ ስጨምር እዚያ ይጨምራል። ስቀንስ ይቀንሳል። ጭንቅላቴ ዞረ። እልህ ያዘኝና እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት።

እትዬ ዘይነባ ጫማ ሳያደርጉ ሮጠው ገቡ።

«ያ አላህ! ድረሱልኝ! ወላሂ ቤቴ ውስጥ ወንድ ይጮሃል!»

ተያይዘን ሄድን። ሰውየው ዳንቴል ከለበሰ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። ዳንቴሉን ስገልጠው... የጠፋው ስፒከር! ገመዱ ከኋላው በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ ወደ እኛ ቤት ይገባል።

እትዬ ዘይነባ ያኔ ትዝ አላቸው። አባቴን ቀና ብለው ማየት አፈሩ።

«እግሬ ተሰብሮ የተኛሁ ጊዜ፣ ብቻሽን ከምትሆኚ መንዙማ ስሚበት ብላ ዘሃራ ናት ያስገባችልኝ። ላንተ እንዳልናገር አስምላኝ... እሷ ከሞተች ወዲህ ዝም ስላለ እኔም ረሳሁት። በሉ፣ ውሰዱት።»

ልነቅለው እጄን ስዘረጋ አባቴ ያዘኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ተወው። እሷ ያስቀመጠችውን አንተ ምን አግብቶህ ታነሳለህ?»

የእኛን ስፒከር ገመድ ለካ አይጥ በልቶት ኖሯል፤ ቀየርኩት። አሁን አባቴ ጥርት አድርጎ ይሰማል። ችግሩ... ኳስ ሊያይ ቻናል በቀየረ ቁጥር ግድግዳው በዱላ ይንኳኳል።

ቴሌቪዥኑን የገዛሁት እኔ፣ የሚያየው አባቴ፣ ቻናል የሚመርጡት ግን ቴሌቪዥን የሌላቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው።