በወይራ የታጠነ ወይን

አባቴ ወይን መጥመቅ የጀመሩት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። በጎንደር ወንድ ልጅ ጠላም ጠጅም አይጠምቅም፤ ጋን ሲያጥብ የተገኘ ወንድ የሰፈር መሳቂያ ነው። እሳቸው ግን እዚህ አገር ጡረታ ወጥተው ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ ሃያ ዓመት ወይን ሲለቅሙ ከኖሩበት ሞሻቭ ከሚባለው የአይሁድ ገበሬዎች መንደር ለገበያ የማይሆነውን ዘለላ በካርቶን እያስጫኑ ማምጣት ያዙ። ከሕንፃችን ሥር ያለችው ማህሳን፣ አሮጌ ዕቃ የምናጉርባት ክፍል፣ የወይን ቤት ሆነች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «መቼ ነው ደግሞ ሊጥ የሚያቦኩት?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸው «ሲጠማችሁ ትመጣላችሁ» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ማንም አላስተማራቸውም። እናቴ ጋኗን በወይራ ስታጥን ያዩትን ይዘው፣ ማዘጋጃ ቤቱ የመንገዱን ወይራ ሲከረክም ቅርንጫፉን ለቅመው ያደርቁና አንገተ ጠባቡን ትልቅ ጠርሙስ በጭሱ ላይ ይደፉታል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሙቀቱን አልቻለም፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዘለላውን በእጃቸው ጨምቀው፣ ፈልቶ ሲሰክን በእናቴ ነጠላ አጥልለው፣ አተላውን ለይተው በትንንሽ ጠርሙስ ይሞሉና ቡሹን በመዶሻ ይመቱታል። ጭስ ጭስ የሚል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ወይን ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙም አልወደውም።

የከተማችን አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት ገና ክሬንና አቧራ በነበረበት ጊዜ፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ አብሮኝ ለሚሠራ ልጅ ታጨሁ። ቤተሰቡ ፈረንጅ አይሁዶች ናቸው። አባቱ የሃይማኖቱን ሕግ አጥባቂ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አባቴ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዓመት ወይን በሙሉ ለሰርጌ አደረጉት። «የልጅ ሰርግ መጠጥ የእናት ሥራ ነው» አሉኝ። «የእሷን ድርሻ እኔ ካልሠራሁላት ማን ይሠራላታል?» ከሰላሳ በላይ ጠርሙስ ሞሉ። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ወደ ማህሳን እየወረዱ ያዩት ነበር።

ሁለቱ ቤተሰቦች ሰንበት ምሳ ላይ ሊተዋወቁ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት እጮኛዬ በሠራተኛ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባቴ ከታሸገ የሱቅ ወይን ሌላ አይጠጣም፤ ቀድመሽ ንገሪያቸው» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ አውቀዋለሁ። ይሁዲነቱ ያልተረጋገጠ ሰው የጠመቀው ወይም ከፍቶ የነካው ወይን አይጠጣም የሚል ሕግ አላቸው። ከጎንደር የመጣነውን የእኛን ይሁዲነት ደግሞ ዛሬም በጥርጣሬ የሚያዩ አሉ። እኔ በሰው ላይ ለመጮህ ማንም የማይቀድመኝ ሴት፣ ለገዛ አባቴ ይህን ልነግር አፌ ተሳሰረ። ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ ስል ሰንበት ደረሰ።

ሰንበት መኪና አይነዳምና አማቶቼ በእግራቸው መጡ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቡሹን ራሳቸው ነቅለው ጽዋውን ሞሉና «እንግዳ ይቅደም» ብለው ለእጮኛዬ አባት ዘረጉላቸው፤ ቂዱሹን፣ የሰንበቱን የወይን ቡራኬ፣ እሳቸው እንዲባርኩ። ሰውየው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከያዙት ከረጢት የታሸገ ጠርሙስ አወጡ። «አይቀየሙኝ፣ የቤታችን ልማድ ነው» አሉ በዝግታ።

አባቴ አልተቀየሙም፣ ፈገግ አሉ። የሱቅ ወይን ለምዶባቸው ነው ብለው አስበው ነበር። ሰውየው ጠርሙሱን ሲከፍቱ፣ አባቴ እንደ ባለቤት ሊቀዱ እጃቸውን ሰደዱ። ሰውየው ጠርሙሱን ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው ሳቡ። «እኔ እቀዳለሁ» አሉ። ያኔ አባቴ ገባቸው። እጃቸውን መልሰው ከጠረጴዛው ሥር አደረጉት።

ደሜ ፈላ። ልነሳ ስል አባቴ በአማርኛ «ተይ ልጄ፣ እንግዳ ነው» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከሱቁ ጠርሙስ በተቀዳው ወይን ላይ ተባረከ፣ አባቴም «አሜን» ብለው ጠጡ፤ ዶሮውንም አቀረቡ፣ አጎረሱም።

እንግዶቹ ሲሄዱ «አውቄ ነበር» አልኳቸው። «እጮኛዬ ነግሮኝ ነበር፣ አልነገርኩዎትም።» ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው እንኳን ሊቆጡኝ ቀና ብለውም አላዩኝም። ያልተነካውን ጽዋ እያዩ እንዲህ አሉ፦

«እናቴ የሞተች ጊዜ ከማዶ አዲስ የሰፈረ ክርስቲያን ጎረቤት ነበረን። ወጋችንን አያውቅም። ሚስቱን እንስራ ሙሉ ጠላ አሸክሞ ለቅሶ መጣ። እኛ ያኔ ‹አትንኩኝ› ነን፤ ሌላ ሰው የነካውን አንቀምስም፣ ሰው ቢነካን ወንዝ ወርደን ነው የምንታጠብ። ደጅ አስቀምጡት አልኳቸው። ሲመለሱ ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ጠላውን አስደፋሁት። ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ሕጌን ጠበቅሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰውየው ፊት ዛሬ ነው የገባኝ።»

«እሱ እኮ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው» አልኩ ተናድጄ። «እርስዎ የራሳቸው ወገን ነዎት! በምን ይገናኛል?»

«ለተደፋበት ሰው አንድ ነው» አሉ።

እጮኛዬ ይቅርታ ጠየቀ፣ አባቱም በማግሥቱ ደውለው አባቴን ስለ ምግቡ አመሰገኑ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አባቴ ስለ ወይኑ ሁለተኛ አላነሱም። ወደ ማህሳን መውረዳቸውንም ተዉት።

በሰርጌ ዕለት ከአዳራሹ በር ላይ አገኘኋቸው። ዘመዶቻችን ሁሉ አንድ ነገር ይዘው ሲገቡ፣ እሳቸው የአንድ ልጃቸው ሰርግ ላይ ባዶ እጃቸውን ቆመው ነበር። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው አንዴ ኪሳቸው፣ አንዴ ጀርባቸው ላይ ያደርጉታል። «ወይኑስ?» አልኳቸው። «ይቅር ልጄ፣ ሰው አናስቸግር» አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ከሑፓው፣ ሙሽሮች ከሚባረኩበት ድንኳን፣ ሥር ስቆም የታሸገው ጠርሙስ ተከፈተ፣ ጽዋው ወደ አፌ መጣ። ትንሽ ቀደም ብዬ «ለእኛ ሰዎች ያምጡት» የሚል አንድ ቃል ብናገር ኖሮ የአባቴ ወይን ቢያንስ በእኛ ዘመዶች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። አባቴ ከጎኔ «አሜን» አሉ። እኔ ያን ቀንም ዝም ብዬ ጠጣሁ።